«በቃ» የማያውቀው ምንጣፍ አጣቢ

በየቤተሰቡ፣ በየሰፈሩና በየሙያው «በቃ» የሚባለው ቃል ጨርሶ ያልተፈጠረለት አንድ ሰው አለ። የለም የምትሉ ካላችሁ ወይ ሰው አታውቁም፣ ወይ ያ ሰው ራሳችሁ ናችሁ። ጸጉር አስተካካይ ከሆነ ግራና ቀኙን አመጣጥናለሁ ሲል መላጣ አድርጎ ይሸኛችኋል። ልብስ ሰፊ ከሆነ ለሠርጋችሁ ያዘዛችሁትን ሱሪ የመጀመሪያ ልጃችሁ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ያስረክባችኋል። ቀለም ቀቢ ከሆነማ ቤቱን ለቃችሁለት እናንተ ዘመድ ቤት ታረጃላችሁ። ደግሞ የሚያበሽቀው ነገር፣ ልትሰድቡት አፋችሁን ስትከፍቱ ሥራው ያምራል። ስድባችሁን ውጣችሁ ትመለሳላችሁ። ደም የሚያፈላው ይሄ ነው! ሰነፍ ቢሆን እኮ አባርሮ መገላገል ነበር።

የኛው ሰውዬ ምንጣፍ አጣቢ ነው። ሰፈሩ «ሊቀ አረፋ» ብሎታል፤ እሱም ሹመቱን ያለ አንዳች ማቅማማት ተቀብሏል። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የምታስታውሰው ታናሽ እህቱ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን «ጋሼ» ነው የምትለው፤ በተለይ ስትናደድ። ስትናደድ ማለት ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ማለት ነው።

እህትየው ደመወዝተኛ ነበረች። ንጹሕ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ወር በገባ ቁጥር የማይቀር ገንዘብ። ያን ሁሉ ትታ፣ ያጠራቀመችውን ምንጣፍ በሚጨምቅ ማሽን ላይ አፍስሳ፣ ግቢ ተከራይታ፣ ለወንድሟ «አንተ እጠብ፣ እኔ ላትርፍ» አለችው። የስምምነቱ የመጀመሪያ ግማሽ ከሚገባው በላይ ተሳክቷል።

የአሠራሩን ሥርዓት ልንገራችሁ። ሌላው አጣቢ ምንጣፍ ሲቀበል አቧራውን ያራግፋል፣ በሳሙና ያሻል፣ ያለቀልቃል፣ ይጨምቃል፣ ያሰጣል። አለቀ። ክቡርነታቸው ሊቀ አረፋ ግን ምንጣፉን መሬት ላይ ያስዘረጉና በሽተኛ እንደሚያይ ሐኪም ዙሪያውን ይዞሩታል። ይንበረከካሉ። በአውራ ጣታቸው ጸጉሩን ገለጥ አድርገው ሥሩን ያያሉ። አፍንጫቸውን ያስጠጋሉ። ከዚያ ቀና ብለው ባለቤቱን ከእግር እስከ ራሱ ይመለከቱታል። ያ አስተያየት! ስንቱ ደንበኛ ሳይጠየቅ የተናዘዘው በዚያ አስተያየት ነው።

«እዚህ ጋ ወተት ፈሷል።»

«እ… አዎ። ልጆች ናቸው፣ ጋሼ። አምና መሰለኝ።»

«ከዚያ ወዲህስ ምን አደረጋችሁ?»

«ሶፋውን ገፋ አድርገን ሸፈንነው።»

«ሶፋውን ገፋ አድርጋችሁ…» ይላል ለራሱ፣ ሰውዬው ሬሳ ደብቄያለሁ ያለው ይመስል።

ዋጋ ሊከራከር ወገቡን ይዞ የገባው ሰው የገዛ ጫማውን እያየ ይወጣል። እህትየው ከጠረጴዛዋ ኋላ ሆና ጥርሷን ትነክሳለች። የተሸማቀቀው ደንበኛ ነው እኮ! ደንበኛ ተመችቶት ነው የሚመለሰው እንጂ ተገሥጾ አይደለም።

ከዚያ ውሃ ይከፈታል። መቼ እንደሚዘጋ ግን የሚያውቅ የለም። አንዴ ታጥቦ አንዴ ቢለቀለቅ ትርፍ አለ። እጥበቱ ሲደገም ትርፉን ሳሙናና ውሃ ይካፈሉታል። ሲሠለስ ደግሞ ቤተሰቡ ለደንበኛው እየመጸወተ ነው ማለት ነው። ይሄን እህትየው በቀስታ አስረድታዋለች፣ በቁጣ አስረድታዋለች፣ እያለቀሰች አስረድታዋለች። እሱ ከምንጣፉ ሥር የሚወጣውን ውሃ በመዳፉ ይዘግንና ወደ ብርሃን ከፍ ያደርገዋል።

«ውሃው ገና አልጠራም።»

«ጋሼ፣ ቆጣሪው እንደ እንዝርት እየሾረ ነው!»

«ይሹር። የቆጣሪ ሥራው መሾር ነው።»

«የኛስ ሥራ?»

«ማጠብ።»

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ክርክር ምን ይጠቅማል? ውሃ ሲወቅጡት እምቦጭ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ነርስ ምንጣፏን ልትወስድ መጣች። ከደጅ ታክሲ አስቁማለች፤ ወደ ሥራዋ እየሄደች ነው። ምንጣፉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተጠቅልሎ መቆም ሲገባው ሊቀ አረፋ ተንበርክኮ ዘርፉን በማበጠሪያ ያበጥራል። የጸጉር ማበጠሪያ ነው፤ በኋላ እንደተጣራው የእህቱ ማበጠሪያ ነው። ታክሲው ጥሩምባውን ይነፋል፣ ነርሷ ሰዓቷን ታያለች፣ እሱ አንዷን የክር ጫፍ ከአንዷ ይለያል።

«ጋሼ፣ ሰው ቆሟል!» አለች እህትየው።

«ትቁም። አንዱ ጎን ተበጥሮ አንዱ ጎን ተንጨባሮ ልትወስደው ነው?»

«ማን ያየዋል? አልጋ ሥር ነው እኮ የሚገባው!»

«እኔ አይቼው የለ!»

ይቺ «እኔ አይቼው የለ» ይግባኝ የላትም። ደንበኛው አያየውም ብትሉት እሱ አይቶታል። እንግዳ አያየውም ብትሉት እሱ አይቶታል። እግዜር እንኳ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ስንት ነገር አለ፤ የዚህ ሰው ዓይን ግን ምሕረት የሚባል ነገር አያውቅም።

ሥራን አብዝቶ ማሳመር ጠላት እንደሚያፈራ የታወቀው ደግሞ በጡረተኛው መምህር ምንጣፍ ነው። ግራጫ ምንጣፍ ብለው አስረከቡ። ሊወስዱ ከሚስታቸው ጋር ሲመጡ የተዘረጋላቸው ሰማያዊ ነው፤ መሃሉ ላይ ክንፋቸውን የዘረጉ ነጫጭ ወፎች አሉበት።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ መምህሩ።

«የርስዎ ነው።»

«ልጆቼን ያሳደግኩበትን ምንጣፍ አላውቀውም?»

«አያውቁትም» አላቸው ያ ደፋር።

ሚስትየው ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። «ወፎቹ! አንተ፣ ስንገዛው ወፎች ነበሩት እኮ!» እሰይ፣ ነገሩ በረደ ትላላችሁ። መች ይበርዳል! መምህሩ ብዙም ሳይቆዩ እየተንቀጠቀጡ ተመለሱ። ለግራጫው ምንጣፍ ተብሎ የተሰፋው መጋረጃ፣ ለግራጫው ምንጣፍ ተብሎ የተመረጠው ሶፋ፣ ከሰማያዊው ጋር አልስማማ ብለዋል። ሚስታቸው ሁሉም ይቀየር ብለዋል። «ምንጣፌን እጠብልኝ አልኩህ እንጂ ቤቴን አፍርስ አልኩህ?» ብለው ግቢውን በጩኸት አናወጡት። ንጹሕ ነገር ሰጥቶ እንደ ሌባ መሰደብ ለዚህ ሰው ብቻ የተሰጠ ዕጣ ነው።

ይሄም ይሁን። ቀዩ ምንጣፍ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። አዲስ ያገባ ሹፌር አማቱ የሰጡትን ደማቅ ቀይ ምንጣፍ አመጣ። ቀለም የሚለቅ ምንጣፍ እንዳለ የማያውቅ አጣቢ የለም፤ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥጉን አሸት አድርጎ ማየት ነው፣ ጨርቁ ከቀላ ውሃ መቀነስ ነው። ይሄን ሊቀ አረፋ ለስንቱ አስተምሮታል። ያን ቀን ግን ከቆሻሻው ጋር ተጣልቶ ስለነበር ጨርቁም ጥንቃቄውም ተረሱ። አለቀለቀ፤ ውሃው ቀይ ወጣ። «አልጠራም» አለ። ደገመ፤ አሁንም ቀይ። ሠለሰ፤ ዳማ። «አየሽ ቆሻሻውን? ሰዎቹ ቀይ አፈር ውስጥ ነው እንዴ የሚኖሩት?» እያለ በሳሙና ላይ ሳሙና፣ በውሃ ላይ ውሃ ጨመረበት። በመጨረሻ ውሃው እንደ ምንጭ ኩልል ብሎ ሲወርድ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ምንጣፉ ከእግሩ ሥር የድድ ቀለም ይዞ ተጋድሟል።

እህትየው ለሹፌሩ ሌላ ቀይ ምንጣፍ ገዝታ ሰጠች። ክቡርነታቸው አንገታቸውን ደፍተው ከረሙ። ተማሩ? እንዴታ! ጥፋታቸውን ለመካስ ብለው በሌላው ምንጣፍ ሁሉ ላይ አንድ ዙር ማለቅለቅ ጨመሩ።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ «ጠዋት ሰጥተው ማታ ይውሰዱ» የሚል በር የሚያህል ሰሌዳ ተሰቅሏል። የማዶው ባለቤት ሽቶ ተቀብቶ የሚውል፣ ሳይስቅ «ደህና ዋሉ» የማይል ሰው ነው። አሠራሩ አጭር ነው። ምንጣፉን ላይ ላዩን በአረፋ ያሳብሳል፣ በማራገቢያ ያስደርቃል፣ ሽቶ ይነፋበታል፣ ያስረክባል። ደንበኛው አሽትቶ «ውይ፣ ሲያውድ!» ይላል፤ ይከፍላል። ቆሻሻው ከምንጣፉ ጋር መጥቶ ከምንጣፉ ጋር ይመለሳል፤ ደርሶ መልስ። ወረፋው ግን እስከ አስፋልቱ ነው!

እናንተም እዚያ ወረፋ ላይ ነበራችሁ። አዎ፣ እናንተ! ልጆቻችሁ በደረታቸው የሚሳቡበትን ነገር በአፍንጫችሁ ብቻ መርምራችሁ የምትረከቡ፣ የታጠበውንና ሽቶ የተነፋበትን የማትለዩ፣ ከዚያም ልጁን ሲያስለው ነፋሱን የምትረግሙ! ሊቀ አረፋን «ቀርፋፋ» የምትሉ እናንተ ናችሁ። እህትየውም በዚህ በዚህ ትነድዳለች፤ በናንተም፣ በማዶውም፣ በወንድሟም። ከሦስቱ ግን ልትጮህ የምትችለው አንዱ ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ የከረረው አከራዩ የመጡ ቀን ነው። የኪራዩ ውል ሊያልቅ ነው፤ አንድ ጋራዥ ግቢውን ይፈልገዋል። «እናንተን እወዳችኋለሁ» አሉ አከራዩ፣ «ግን ከግቢዬ ሲወጣ የማየው ምንጣፍ ሳይሆን ውሃ ነው። ቋሚ ሥራ ካላችሁ አሳዩኝ፣ ውሉን እናድሳለን።» እህትየው እግሯ እስኪቃጠል ዞራ አንድ ትልቅ የሠርግ አዳራሽ አገኘች። አዳራሹ ምንጣፎቹን ለሙከራ ይሰጣል፣ አርብ ረፋድ ይረከባል፤ ከወደደው ሥራው ቋሚ ይሆናል። አዳራሹ ከተያዘ ግቢው ይቀራል። አዳራሹ ካመለጠ ግቢው ለጋራዡ፣ ማሽኑ ለገዛ፣ እሷም የሰው በር ወደማንኳኳት።

ወንድሟን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

«አንዴ ሳሙና። አንዴ ማለቅለቅ። መጭመቅ፣ ማስጣት። ማልልኝ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

«እሺህን አውቃታለሁ። ማልልኝ!»

«የአባታችን አጥንት ይፋረደኝ።»

አርብ ረፋድ ወደ ግቢው ስትገባ ምንጣፎቹ ደርቀው፣ ተጠቅልለው፣ እንደ ወታደር ተደርድረዋል። ልቧ በደስታ ዘለለ። ከዚያ መድረኩ ላይ የሚነጠፈው ትልቁ ምንጣፍ እንደሌለ አየች። ከኋላ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ የብሩሽ ድምፅ ይሰማል። እየሮጠች ሄደች። ሊቀ አረፋ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አረፋ ውስጥ ቆሟል።

«ጋሼ!»

«አትጩኺ። ሥሩን ስገልጠው…»

«ምለህልኛል!»

«ምያለሁ። አንዴ አጠብኩት፣ አንዴ አለቀለቅኩት። መሐላዬን ፈጽሜያለሁ። ይሄ ሌላ እጥበት ነው።»

«አባታችን ከመቃብር ቢነሳ በዚሁ ብሩሽ ነበር የሚልህ!»

«አባታችን ቢነሳ ያግዘኝ ነበር» አላት፣ እጁን ሳያቆም።

የአዳራሹ ኃላፊ በመኪና ደረሱ። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ያደረጉ፣ ነገር ማስረዘም የማይወዱ ሴት ናቸው። ትልቁን ምንጣፍ አይተው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «እኔ የሰጠኋችሁ ምንጣፍ ነው፤ የምትመልሱልኝ ሐይቅ ነው?»

«እስከ ማታ እናደርቀዋለን፣ በሞቴ…»

«መድረኩ አሁን ነው የሚነጠፈው። ላዩን አበስ አበስ ብታደርጉት ምን ነበረበት? ሙሽሮቹ ሥሩን ቆፍረው ያዩታል?»

እህትየው ወንድሟ ዝም እንዲል በዓይኗ ለመነችው። ዝም አለ እንዴ?

«እዚህ ላይ ቆመው ነው እኮ የሚማማሉት፣ እመቤቴ። የስንት ሰው ሠርግ ትርፍራፊ ከእግራቸው ሥር ይዘው?»

ሴትየዋ የደረቁትን አስጫኑ፣ ትልቁን ሲደርቅ አስወስደዋለሁ አሉ፣ ለመድረኩ ሌላ ሊከራዩ ሄዱ። ስለ ቋሚው ሥራ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ አያስፈልግም ነበር።

እህትየው ያን ዕለት የተናገረችው ሁሉ አይጻፍም። የሚጻፈው ይሄ ነው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ ከኛ ደጃፍ ጫካው ነው የተመነጠረው! በቃኝ፣ ጋሼ። ማሽኑን እሸጠዋለሁ።»

ብሩሹ ቆመ። «ለማን?»

«ለማዶው።»

«ለማዶው?» አለ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። «እሱ ማሽን ምን ያደርግለታል? አያጥብም እኮ።»

ሰኞ ጠዋት ባለ ሽቶው መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ማሽኑን ዞረው፣ መታ መታ አደረገው፣ የተባለውን ዋጋ ሳይከራከር ተቀበለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር ብቻ፣ እህቴ። ወንድምሽንም እፈልገዋለሁ።»

እህትየው ቀለል አላት። ቢያንስ እሱ ሥራ አገኘ። «እንዲያጥብልህ?»

«ኧረ ከማጠብ ይሰውረኝ!» ሳቀ። «በር ላይ ወንበር እሰጠዋለሁ። ነጭ ካፖርት አለብሰዋለሁ። ሰው ምንጣፉን ሲያመጣ ተንበርክኮ ይይለት፣ ያችን አስተያየቱን ያሳየው። ሰዉ እሱን ያምነዋል። ከጀርባ ያለውን ለኛ ይተው። ስሙን ነው እንጂ እጁን አልፈልገውም። አንቺም ደክሞሻል፣ አየሁሽ እኮ። እንዲህ ያለ ሰው ለንግድ በሽታ ነው።»

በሽታ። ይቺን ቃል እሷ ራሷ ቁርስ በበላች ቁጥር ትለዋለች። ግን እሷ እህቱ ናት፤ የበሽታው ባለቤት ናት። ካንገቷ በላይ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነም። ከባለ ሽቶው ትከሻ በላይ ወንድሟ ይታያታል። የአዳራሹን ትልቁን ምንጣፍ፣ የማይከፈልበትን፣ ጎንበስ ብሎ ያጥባል። የጣቶቹ አንጓዎች ከውሃው ብዛት ነጥተው ተሸብሽበዋል። እጁን ሳያደርቅ አፍንጫውን በክንዱ አሸት አድርጎ አንድ ጥግ ላይ ተመልሶ ደፋ አለ፤ የሆነ ነገር አይቷል ማለት ነው።

«ስማ፣ አንተ በሽቶ የተነከርክ!» አለች። ድምፁ ከየት እንደወጣ እሷም አላወቀችውም። «እሱን በር ላይ ገትረህ አንተ ከጓሮ ልታጭበረብር? ይሄ እጅ አንድም ሰው አታሎ አያውቅም! እኔን አክስሮኛል፣ ጨጓራዬን ልጦታል፣ ያለ ዕድሜዬ አስረጅቶኛል፤ ከሰው ግን ሰባራ ሳንቲም አልሰረቀም! ውጣልኝ!»

«ማሽኑስ?»

«ማሽኑን ምን ታደርገዋለህ? አታጥብም እኮ!»

ባለ ሽቶው ፈገግታውን ይዞ ወደ ማዶ ተሻገረ። የእሷ ዓይን ተከትሎት ሄዶ ከዚያ በር ከሚያህለው ሰሌዳ ጋር ተላተመ። አንዳንዴ ንዴት ጭንቅላት ያጠራል። ዋጋዋን ስታወጣ የኖረችው ያን ሰሌዳ እያየች ነው። ማዶው በሚያብስበት ዋጋ እሷ ስታጥብ ከርማ፣ የከሰረችው በብሩሹ ነው ብላ ብሩሹን ስትሰድብ ኖራለች! በራሷ ተናደደች፤ ንዴቷ ገና አላለቀም ነበርና ይዛው ወደ አከራዩ ሄደች።

«ጋራዡ ግቢውን በሙሉ ይፈልገዋል?»

«ግማሹም ይበቃዋል፤ ምነው?»

«ግማሹን ስጡት። ቧንቧው ያለበት ጎን ለኛ ይቅር። ከእንግዲህ ብዙ ምንጣፍ አንቀበልም።»

አከራዩ ከራሳቸው ጋር ትንሽ ተማከሩና እሺ አሉ። እሷም ጣውላ ፈልጋ፣ ቀለም ገዝታ፣ በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጻፈች። «እዚህ ቶሎ አይደርስም። ርካሽም አይደለም። የቸኮለ ማዶ ይሂድ።» ከሥሩ አዲሱን ዋጋ አሰፈረች። ሰው ይምጣ አይምጣ አታውቅም፤ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው የሚያጥብ ሰው ፈልጎ ነው የሚመጣው።

ሊቀ አረፋ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጥቶ አነበበ። ደነገጠ።

«እህትዬ፣ ይሄ ዋጋ… አልበዛም?»

«በዝቷል።»

«ሰው ምን ይለናል? ትንሽ ቀነስ ብናደርገውስ? አቅም የሌለውስ?»

«አቅም የሌለውን እኔና አንተ እናየዋለን። አሁን ሂድ።»

አልሄደም። ጎንበስ አለ፣ አንገቱን አዘነበለ፣ ጣቱን ቀሰረ። «ይቺ ፊደል ጫፏ ፈሷል። አየሻት? ሙሉውን ፍቀሽ እንደገና…»

«ጋሼ! ዝም ብለህ እጠብ!»

ፊቱ በራ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረውን ትእዛዝ የሰማ ይመስል እየፈጠነ ወደ ቧንቧው ሄደ። እሷ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ከትታ ልትነሳ አለች። አልተነሳችም። ፊደሏን አየቻት። ከመንገድ ላይ ቆሞ ማንም አይለያትም፤ ግን እውነትም ፈሳለች። ግራ ቀኟን ቃኘች። ከዚያ «እግዜር ይይልህ፣ አንተ ሰውዬ!» እያለች በጥፍሯ ቀስ አድርጋ መፋቅ ጀመረች።